ስለ ተሸሸገው የወላዶች ደዌ

ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ በሽሎ ሸለቆ በተዘረጋው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር፣ ጀሪካን አዝላ ዳገቱን የምትወጣ ወላድ፣ ወደ ማታ ከሆዷ በታች አንዳች ነገር ቁልቁል የሚጎትታት፣ ስትተኛ ቀለል የሚላት፣ ስታስል ደግሞ ሽንቷ የሚያመልጣት ብትሆን፣ ይህን ለባሏ ቀርቶ ለወለደቻት እናቷ እንኳ ሳትናገር ዓመታትን ታሳልፋለች። ከኃጢአት የመጣ መቅሠፍት የሚመስላትም አለች፤ አይደለም።

ደዌው የማሕፀን መውጣት ይባላል፤ አመጣጡንም ለመረዳት የጠፍር አልጋን ማየት ይበቃል። ጠፍሩ ከጎን ወደ ጎን ተወጥሮ የተኛበትን ሰው እንደሚሸከም፣ በዳሌ አጥንት መካከል የተዘረጉት ጡንቻዎችም ማሕፀንን፣ ፊኛንና ደንዳኔን ደግፈው ይይዛሉ፤ ረጅም ምጥ፣ ተደጋጋሚ ወሊድ፣ ከባድ ሸክም፣ የማያቋርጥ ሳልና የሆድ ድርቀት ሲፈራረቁበት ግን ጠፍሩ ይላላል፣ የተሸከመውም ይወርዳል። ፊስቱላ ከዚህ የተለየ ነው፤ በተራዘመ ምጥ የተጨፈለቀው ገላ ሞቶ ሲቀደድ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ለዚህኛው ሕማም፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን የመጡት ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን በ1974 በአዲስ አበባ ሆስፒታል መሥርተዋል፤ በባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው።

ቤተ ክርስቲያናችን ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ታነሣለች፤ እስከዚያም እናቲቱ አራስ ሆና ታርፋለች። ከአባቶች ሥርዓት ለወላድ ሥጋ የዚህን ያህል የሚጠቅም አላውቅም፤ የላላው ጡንቻ የሚጠነክረው በዚህ ወራት ነውና። ሆኖም ረዳት የሌላት ድኻ ገንፎዋን ሳትጠግብ ወደ ምንጭ ትወርዳለች።

የማሕፀን መውጣት ገና ሲጀምር ሽንትን እንደሚገታ ሰው ጡንቻውን ወደ ውስጥ ሰብስቦ እስከ 5 ቆጥሮ መልቀቅ፣ ይህንም ትንፋሽን ሳይዙ 10 ጊዜ ያህል እየደጋገሙ በቀን ሦስት ጊዜ ለወራት ማዘውተር ብዙዎችን ይረዳል፤ በሽንት ሰዓት ግን አይደረግም። ለባሰበት በብልት ውስጥ ገብቶ ማሕፀንን የሚደግፍ ቀለበት አለ፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም በቀዶ ሕክምና ይታከማል።

በወንጌል 12 ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት የጌታን ልብስ ጫፍ በስውር ብትዳስስም፣ በኋላ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ነገሯን ገልጣ ተናግራለች። አንቺም እኅቴ፣ ለጤና ኬላዋ ባለሙያ ንገሪያት። አንተም የአራስ ባል፣ እስከ ክርስትናው ቀን ጀሪካኑን ራስህ ተሸከም።