ስለ ኤስቪጂ የሚባለውና እውነታው

ብዙ መሥሪያ ቤቶች የዓመቱን አኃዝ በግራፍ አሳምረው ድረ ገጽ ላይ ሲያወጡ በጄፔግ ወይም በፒኤንጂ ይለጥፉታል። አንባቢ ግራፉን ያያል፤ ቁጥሩን ግን መቅዳትም፣ መፈለግም፣ መልሶ ማስላትም አይችልም። ኤስቪጂ የተባለው የፋይል ዓይነት ይህን ችግር ሊያቃልል የሚችል ቢሆንም፣ ስለ እሱ የሚነገሩ የተሳሳቱ ነገሮች ጥቅሙን ጋርደውታል።

«ሲያጎሉት የማይደበዝዝ ምስል ነው» የሚለው በሰፊው የሚሰማው ነው። አለመደብዘዙ እውነት ነው፤ ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ፋይሉን በኖትፓድ የከፈተ ሰው የሚያገኘው በኤክስኤምኤል ደንብ የተጻፈ ጽሑፍ ነው፦ እዚህ ክብ አለ፣ ቀለሙ ይህ ነው፣ ስሙ ያ ነው ይላል። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ያሉ አንዳንድ ባዶ የዓለም ካርታዎችን እንውሰድ። አገሮቹ በሁለት ፊደል ዓለም አቀፍ መለያቸው ተሰይመው ተቀምጠዋል። የአገሮችን የቡና ምርት በቀለም ማሳየት የፈለገ ሰው ድንበር አይስልም፤ የአገሩን መለያ ከቀለም ጋር የሚያዛምድ አጭር መስመር መጻፍ ይበቃዋል። በሚቀጥለው ዓመት አኃዙ ሲቀየርም የሚነካው ያንኑ መስመር ብቻ ነው። ሥራውን በፕሮግራም ማሠራትም ይቻላል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ዲ3 የተባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ የታወቀው ሠንጠረዥን ወደ ኤስቪጂ በመቀየር ነው።

አዲስ ቴክኖሎጂ ነው የሚሉም አሉ። በ1998 እ.ኤ.አ. አዶቤና አጋሮቹ አንድ፣ ማይክሮሶፍትና አጋሮቹ ሌላ ሐሳብ ለዓለም አቀፉ የድር ጥምረት፣ ለደብልዩ3ሲ፣ አቀረቡ፤ ጥምረቱም የራሱን አዘጋጅቶ በመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. አጸደቀ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ በቀጥታ ስላላነበበው ለዓመታት ተጓተተ እንጂ ኤስቪጂ ጎልማሳ ነው።

ከሁሉ የሚጎዳው እምነት «ግራፉ በኤስቪጂ ከወጣ መረጃው ወጣ» የሚለው ነው። 4,200,000 ኩንታል የሚወክል ባር ፋይሉ ውስጥ «ቁመት 168» ተብሎ ብቻ ሊመዘገብ ይችላል። ኩንታሉ የለም፣ ዓመቱ የለም፣ የክልሉ ስም የለም፤ የቀረው ቅርጽ ብቻ ነው። መረጃው አብሮ እንዲሄድ አዘጋጁ ሆን ብሎ ማስገባት አለበት፦ ለእያንዳንዱ ባር ርእስና መግለጫ፣ ትክክለኛውን አኃዝ፣ የተገኘበትን ምንጭና ቀን። ኤስቪጂ ለእነዚህ ሁሉ ቦታ አለው። ርእሱና መግለጫው በደንብ ከተጻፉ ማየት የተሳነው አንባቢም በስክሪን ሪደር ሊሰማቸው ይችላል። ያም ሆኖ ሙሉውን ሠንጠረዥ በሲኤስቪ ከጎኑ ማስቀመጥ አይቀርም፤ ግራፍ ሠንጠረዥን አይተካም።

«ሁልጊዜ ቀላል ፋይል ነው» መባሉም ልክ አይደለም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች ያሉበት ካርታ ብራውዘሩን ያንቀራፍፈዋል፤ ለፎቶግራፍ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። እንደ ፎቶ ምንም ጉዳት የለውም ብሎ መገመትም አደገኛ ነው፤ ኤስቪጂ ስክሪፕት ሊይዝ ይችላል። ዎርድፕረስ ያለ ፕለጊን ወይም ያለ ተጨማሪ ኮድ እንዲሰቀል የማይፈቅደውም ከዚህ ስጋት የተነሳ ነው። በምስል ታግ ሲገባ ግን ብራውዘሮች ስክሪፕቱን አያስኬዱም።

ለእኛ የሚቀርበው የመጨረሻው ነው፦ «የአማርኛ ጽሑፍ እንዳይበላሽ ፊደሉን ወደ ቅርጽ መቀየር ግዴታ ነው»። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አለ። ወደ ቅርጽ የተቀየረ ፊደል ለዓይን ያው ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን አይፈለግም፣ አይቀዳም፣ አይተረጎምም። ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ ከቆየ አንድ ፋይል የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ስያሜዎችን አብሮ ይዞ እንደ አንባቢው የቋንቋ ምርጫ አንዱን ማሳየት ይችላል። ፎንቱ አንባቢው ስልክ ላይ ላይኖር ይችላል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ፎንቱን እዚያው ፋይል ውስጥ ማካተት ነው፤ በምስል ታግ የገባ ኤስቪጂ ከውጭ ፎንት አይጠራምና። የአማርኛ ግራፍና ካርታ የምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣ ፎንቱን አካትቱ፣ ፊደሉን አትንኩ፣ ሠንጠረዡንም ከጎኑ አውጡ።