የጭሱ መለኪያ ከምድጃው አጠገብ

የአየር ብክለት ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ አዲስ አበባ ላይ ያርፋል። በኢሉባቦር ያሉትን መቱን፣ ጎሬንና ያዮን የሚያውቅ ሰው ደግሞ «በዚያ ሁሉ ደን መሐል ምን ብክለት አለ?» ይላል። የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ደን በውጭ መኖሩ ቤት ውስጥ ያለውን ጭስ አያጠራውም። ዝናብ በሚበዛበት በኢሉባቦር እንጨቱ እርጥብ ነው፤ በር ይዘጋል፤ እናት ከነሕፃኗ ጉልቻው ዳር ትውላለች። ስለዚህ በአስፋልት ዳር የተተከለ መለኪያ ስለ እነዚህ ሰዎች ሳንባ የሚነግረን ጥቂት ነው።

የቤት ውስጥ ጭስን ለመለካት ከመሣሪያ ሁሉ አብልጬ የምወደው ትንሿን ክብ ማጣሪያ ነው። እናቲቱ ደረት ላይ ትንጠለጠላለች፤ ወገብ ላይ የታሰረ ፓምፕ አየር ይስብባታል፤ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያልበለጠው ብናኝ፣ የፀጉር ውፍረት አንድ ሠላሳኛ ገደማ የሆነው፣ እላይዋ ይቀራል። ቀድሞ ተመዝና ነበር፣ ኋላም ትመዘናለች፤ ልዩነቱ ለተሳበው አየር ይካፈላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለ24 ሰዓት ያስቀመጠው ጣሪያ በሜትር ኩብ 15 ማይክሮግራም ነው። በዚህ መጠን ሲሠራ ጥቂት እርጥበት እንኳ ውጤት ያበላሻል፤ ብናኙ ውሃ ይጠጣልና። ማጣሪያውን ሙቀቱና እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ሳያሳድሩ የሚመዝኑ ሰዎች የመቱን ዝናብ ጭስ ብለው ይጽፋሉ። ሌላው የሚዘነጋው ባዶው ማጣሪያ ነው፤ አየር ሳይሳብበት ገጠር ደርሶ ይመለሳል፤ በመንገድ ላይ የተጨመረውን ክብደት የሚያጋልጠው እሱ ብቻ ነው።

«አባቶቻችን በዚሁ ጭስ አድገው ሸምግለዋል» የሚል ክርክር አለ። ይህ የሸመገሉትን ቆጥሮ በሕፃንነታቸው የቀሩትን መተው ነው። ጠንከር ያለው ክርክር ከማላዊ ይመጣል፦ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ ከ10,000 በላይ ሕፃናትን የያዘ ጥናት፣ የተሻሻለ ምድጃ ማደል የሳንባ ምችን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ጭሱ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው የጓቲማላ ጥናት፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሕፃናቱን የሚደርሳቸውን ካርቦን ሞኖክሳይድ በግማሽ ሲቀንስ፣ ከባዱ የሳንባ ምች በሲሶ ገደማ ወርዷል። ምድጃ ታደለ ማለትና ሕፃኑ የሚስበው ጭስ ቀነሰ ማለት የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛውን የሚያውቀው የለካ ብቻ ነው።

በመቱ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ርእስ የምትፈልጉ የጤና ተማሪዎች፣ ማጣሪያውን ይዛችሁ ወጥ ቤት ግቡ፤ ባዶውንም አትርሱ።