ከመድኃኒቱ ጋር ወረቀቱም ይሂድ

አዘዞ የመንገደኛ ከተማ ናት። የጎንደር አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ነው፤ የመተማው መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። ከዚህ ተነስቶ ባሕር ማዶ የሚሻገር ሰው ሻንጣው ከመድኃኒት ባዶ አይሆንም። እናት ጥቁር አዝሙድና ጤና አዳም ትቋጥራለች፤ ዘመድ ደግሞ «ለክፉ ቀን» ብሎ አሞክሳሲሊን ይጨምራል። ፓስፖርትና ቪዛ ተደጋግመው ይታያሉ። የመድኃኒቱን ነገር የሚጠይቅ ግን ብዙም አይገጥምም።

ችግሩ የሚጀምረው ከፋርማሲው መስኮት ነው። በብዙ ቦታ ፍሬ መድኃኒት ከትልቁ ዕቃ ተቆጥሮ በትንሽ ላስቲክ ይሰጣል፤ ወይም እሽጉ በመቀስ ይቆረጣል። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «1×2» ይጻፍበታል። ስሙና የሚያበቃበት ቀን ያለበት ጠርዝ ለሌላው ገዢ ይቀራል። እቤት ለሚውጠው ሰው ይህ ይበቃው ይሆናል፤ የውጭ አገር የጉምሩክ ሠራተኛ ፊት ሲደርስ ግን ምንነቱ የማይታወቅ ነጭ ፍሬ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ የፌኖባርቢታል ጉዳይ ነው። ዋጋው ርካሽ በመሆኑ በአገራችን ለሚጥል በሽታ በስፋት የሚሰጠው እሱ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ውስጥ ተመዝግቧል። ለሥራ ወደ አረብ አገር የምትሄድ ወጣት በምርመራ እንዳልወድቅ ብላ ሕመሟን ከደበቀች ማዘዣ አትይዝም። ያለ ማዘዣ ብትወስደው መያዝ አለ፤ ትታው ብትሄድ፣ በድንገት የተቋረጠ ፌኖባርቢታል ሕይወት የሚያሰጋ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ያውም የሰው ቤት፣ እሳት አጠገብ።

ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻም እንዲሁ ያስይዛል። በ2017 እ.ኤ.አ. አንዲት እንግሊዛዊት 290 ፍሬ ይዛ ግብፅ ሁርጋዳ ስትገባ ተይዛ ሦስት ዓመት ተፈርዶባታል፤ ለወገብ ሕመም ነው ማለቷ አላስጣላትም። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ቁጥጥር ያለበትን መድኃኒት ለሚያስገባ ሰው ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃሉ። አሜሪካም ለግል የሚበቃውን፣ በተለምዶ ከ90 ቀን ያልበለጠውን፣ ከነማሸጊያው ይዞ መግባትን ይመክራል። እናት የቋጠረችው ዘርና ቅጠልም በዕፅዋት ቁጥጥር ሊቀር ይችላል። ኢንሱሊን በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ ከታች ከተጫነ በረዶ ሊሆንና ሊበላሽ ይችላል።

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ለሚሄዱት ሠራተኞች ከጉዞ በፊት በሚሰጠው ገለጻ ላይ «የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ መግባት አለበት፤ መልሱም ከሥራ የሚያስቀር እንዳይሆን ሕጉ ይጠብቃት። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት፤ ለዚህ ሰው አታጣም። የሚያስፈልገው ያልተቆረጠ እሽግና አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ የመድኃኒቱ ሳይንሳዊ ስም፣ መጠኑ፣ የታዘዘበት ሕመም፣ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም፣ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ።