መድኃኒት ቤት የማይሸጠው መድኃኒት



በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ያለው ሁሉ የሚያመርተው ፋብሪካ አለው። ቢያልቅ ይታዘዛል፣ ቢዘገይም ይመጣል። ደምን ግን እስከ ዛሬ የትኛውም አገር ፋብሪካ ሊተካው አልቻለም። ሰው ካልሰጠ አይገኝም።

ለመሆኑ ደም ለማን ያስፈልጋል? ሻኪሶ ላይ ሆነን ስናስብ የወርቅ ጉድጓድ የተደረመሰበት ወጣት ቶሎ ትዝ ይለናል። የመኪና አደጋ አለ፤ በወባ ደሙ ያለቀበት ሕፃንም አለ። እኔን ይበልጥ የምታሳስበኝ ግን የወለደች እናት ናት። ከወሊድ በኋላ ደም በኃይል የሚፈሳት ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሕይወቷ ሊያልፍ ይችላል። ኦክሲቶሲን የሚባለው መርፌ ማሕፀኗ እንዲኮማተርና መፍሰሱ እንዲቆም ይረዳል። የፈሰሰውን ግን አይተካም፤ ክንዷ ላይ የሚሰካው ግሉኮስም አይተካውም።

“ታዲያ ባሏና ወንድሞቿ አይሰጧትም ወይ?” ትሉ ይሆናል። ይሰጧት ነበር፤ ግን ሰዓቱ አይበቃም። የተቀዳው ደም ዓይነቱ መለየት፣ ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝም መመርመር አለበት። ከዚያም ከእርሷ ደም ጋር መስማማቱ ይታያል። በአገራችን የደም አገልግሎቱን ቀይ መስቀል ከጀመረው በኋላ ለብዙ ዓመታት የተለመደው ዘመድ እንዲተካ ማድረግ ነበር። በጭንቅ ሰዓት የሚሰጥ ዘመድ ደግሞ ሰው ፊት አፍሮ ሕመሙን ሊደብቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራው ወደ መንግሥት ከተዛወረ ወዲህ መሠረቱ በፈቃደኝነት የሚሰጥ ሰው ሆኗል። ደሙ እናቲቱ ከመድረሷ በፊት ተመርምሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ መገኘት አለበት። ደም ባንክ ደግሞ በየከተማው የለም፤ በዝናብ ወቅት የእኛን መንገድ ታውቁታላችሁ።

ደም እንደ መድኃኒት ሁሉ ጊዜው ያልፍበታል። ቀይ የደም ሴል በማቀዝቀዣ የሚቆየው 35 ቀን ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ሁላችንም ተሰልፈን ሰጥተን ዓመቱን ብንረሳው ብዙ አይጠቅምም፤ በተራ ነው የሚሻለው።

ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። የሚወሰደው ከግማሽ ሊትር በታች ነው፤ በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ ያለው አምስት ሊትር ገደማ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትሰጥም። በቅርቡ ወባ የታመመም ይቆይ። እንግዲህ ከእኛ ሴቶች ብዙዎቻችን ወይ አርግዘን ወይ እያጠባን ስለሆነ ሸክሙ ወደ እናንተ ወንድሞች ያዘነብላል። በጁሙዓ መስጂዱን የምትሞሉት እናንተ አይደላችሁ?

ከሰጣችሁ በኋላ ፈሳሹን አካላችሁ በአንድ ሁለት ቀን ይተካል፤ ቀይ ሴሉ ሳምንታት ይፈልጋል፤ የብረት ማዕድኑ ከዚያም ይዘገያል። እዚህ ላይ አንድ የአካባቢያችንን ልማድ ላንሳ። ደም የሰጠን ወይም የወለደችን ሰው “ወተት ጠጪ፣ ደም ይሆንሻል” እንላለን። ወተት ኒዕማ ነው፣ አጥንት ያጠነክራል፤ ብረት ግን በውስጡ እጅግ ጥቂት ነው፤ እንዲያውም ከምግብ ጋር ሲጠጣ የምግቡ ብረት በደንብ እንዳይገባ ይቀንሰዋል። ቡናና ሻይም እንዲሁ። ቡና ተዉ አልልም፣ ጉጂ ላይ ማን ይሰማኛል? ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት ነው የምለው። ብረት የሚገኘው ከሥጋና ከጉበት ነው። ሥጋ ለማይደርሰው ቤት ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ አለ። በምስሩ ላይ ሎሚ ጨመቅ ብታደርጉበት ወይም ብርቱካን ብታስከትሉ ብረቱ ይበልጥ ይገባል።

ስለ ሸሪዓው የሚጠይቁኝ እህቶች አሉ። ደም መሸጥ አይፈቀድም፤ ሕይወት ለማዳን በነፃ መስጠትን ግን የዘመናችን ዑለሞች ፈቅደውታል። ደሙ ለሙስሊም ይድረስ ለክርስቲያን ጎረቤት ሰጪው አያውቅም፤ ነፍስን ስለማዳን የሚናገረው የሱረቱል ማኢዳ 32ኛ አያህም የዳነችው ነፍስ የማን እንደሆነች አልለየም። በረመዳንስ? በሻፊዒይ መዝሀብ ዋግምት ጾም አያፈርስም፤ በሐንበሊይ ያፈርሳል፤ ደም መስጠትንም ዑለሞች በዚሁ ያመዛዝኑታል። እንደ ጤና ባለሙያ የምመክረው ግን ጾመኛ እንዳይደክም ከኢፍጧር በኋላ ወይም ቀድሞ እንዲሰጥ ነው። በሸዕባን የመጨረሻ ቀናት የተሰጠ ደም 35 ቀኑ ሲቆጠር ረመዳንን በሙሉ ያደርሳል።

የመስጂድ ኮሚቴዎች ሆይ፣ ተንቀሳቃሽ የደም ባንክ ቡድን የሚመጣው በቂ ሰው ሲኖር ነውና የፈቃደኞችን ስምና ስልክ መዝግባችሁ በአቅራቢያችሁ ባለው ሆስፒታል በኩል ጠይቁ። መዝገቡን ለመጀመር ሸዕባንን አትጠብቁ፤ የሚመጣው ጁሙዓ ይበቃል።