የሚወዛወዝ ተገጣጣሚ ቁምሳጥን እንዴት ይጸናል?

ከችፑድ የተሠራ ተገጣጣሚ ቁምሳጥን ሲወዛወዝ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የብሎኑ ሳይሆን የቀዳዳው ነው። ችፑድ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ በመሆኑ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ቢደርቅም የቀድሞ ጥንካሬው አይመለስም። ዝናብ በሚበዛበት በካፋ ዞን፣ በቦንጋም ሆነ በዋጫ፣ ቁምሳጥንን ከግድግዳው ጥቂት ማራቅና ከወለሉ ከፍ ማድረግ የጥገናው ግማሽ ነው።

በቅድሚያ ወለሉ ይፈተሻል። ቁምሳጥኑ ሲነካ አንዱ እግር ከተነሳ ችግሩ የወለሉ ነው፤ ስስ ጣውላ ከሥሩ ማስገባት ይበቃል። እግሮቹ ሳይነሱ አናቱ ወደ ጎን የሚንጋደድ ከሆነ ግን መገጣጠሚያው ላልቷል።

ብዙ ሰው እንደ ጌጥ የሚያየው ስስ የጀርባ ሰሌዳ ቁምሳጥኑን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ዋና አካል ነው። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያሉት ሁለት ሰያፎች በሜትር ተለክተው እኩል ሲሆኑ ሰሌዳው ዙሪያውን በትናንሽ ምስማሮች ይመታል። ብቻውን ውዝዋዜውን የሚያቆምበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የሰፋ የብሎን ቀዳዳ በቪናቪል የተነከሩ የክብሪት እንጨቶች ይጠቀጠቁበታል፤ ትርፉ ተቆርጦ 24 ሰዓት ከደረቀ በኋላ ብሎኑ በእጅ ካቻቪቴ ይታሰራል። በማሽን ማሰር ችፑዱን መልሶ ይፈረፍረዋል። ቀዳዳው ዙሪያውን ከተፈረካከሰ ማዕዘኑ ላይ ኤል ቅርጽ ያለው ብረት ይገጠማል።

ረጅም ቁምሳጥን ልጅ ቢንጠለጠልበት እንዳይወድቅ ከግድግዳ ጋር ይታሰራል። በብሎኬት ግድግዳ ፊሸር ይሠራል፤ በጭቃ ቤት ግን ጭቃው ስለማይይዘው ብሎኑ ከውስጥ ያለውን የእንጨት ቋሚ ማግኘት አለበት።