አባ ቀራ ሳይፈቅድ ማጭድ አይነሣም

በመንዝ፣ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚያመራው መንገድ ላይ፣ ከገብስ ማሳውና ከድንጋይ ካቡ መንደሮች በኋላ፣ ቤትም አጥርም የሌለበት ሰፊ ሣራማ ደጋ ድንገት ይገጥማል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍ ያለ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ቦታ ነው። ስሙ ጓሳ ነው፤ ስሙን ያወጣለትም ሜዳውን የሞላው ሣር ነው። በመኪና መስኮት አሻግሮ የሚያይ እንግዳ ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ይህን የመሰለ መሬት እንዴት ባዶውን ተቀመጠ?»

እንግዳው ባለሀብት ከሆነ ሐሳቡ በዚያ አያበቃም። እዚህ ሎጅ ይታየዋል፤ እዚያ ማዶ የድንኳን መስክ፤ ከገደሉ አፋፍ ደግሞ መኝታና ማድቤታቸውን በመኪና ጭነው ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን ለሚጓዙ ፈረንጆች የሚሆን የካራቫን ማቆሚያ። ምንጭ አለ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ አለ፣ ወደ ምሥራቅ ሲያዩ የስምጥ ሸለቆው ቁልቁል ተዘርግቷል። የቀረው የመሬት ወረቀት ብቻ ይመስለዋል።

ጓሳ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ማን እንደሚገባበት፣ መቼ እንደሚገባና ምን ይዞ እንደሚወጣ የሚወስን የራሱ ሥርዓት ነበረው። ሥርዓቱ ቀሮ ይባላል። የመሬት አጠቃቀም ዕቅድን መርምሮ መፍቀድና መከልከል ከውጭ የመጣ የቢሮ ሥራ የሚመስለው ሰው በቅድሚያ ሊተዋወቀው የሚገባው ይህን ተቋም ነው።

በአሜሪካ ትንንሽ ወረዳዎች አንድ ሰው የካራቫን ሰፈር ልክፈት ሲል ካርታውን ይዞ የፕላን ኮሚሽን ፊት ይቀርባል። ጎረቤቶቹ በአዳራሽ ተሰብስበው ስለ ጉድጓድ ውሃው፣ ስለ ፍሳሹ፣ ስለ መንገዱ መጨናነቅ፣ ስለ እሳት አደጋው ይናገራሉ፤ ኮሚሽኑም ይፈቅዳል፣ ይከለክላል፣ ወይም ሁኔታዎች አስቀምጦ ያልፋል። በእኛም አገር ሕጉ አለ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናት ሪፖርቱ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆንና በተለይ ጉዳቱ ሊደርስበት የሚችለው ማኅበረሰብ አስተያየት በግምገማው እንዲካተት ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህን ያህል ስለ ወረቀቱ ይበቃል፤ ይበልጥ የሚደንቀው የመንዙ ቀሮ ነው።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አስቦና ጌራ የሚባሉ አቅኚ አባቶች ጓሳን ለሁለት ተካፈሉት። ተወላጆቻቸውም በአጽመ ርስት የመጠቀም መብት ወረሱ። በየድርሻው ተጠቃሚው በሙሉ ተስማምቶ አባ ቀራ የሚባል አለቃ ይመርጥ ነበር። ጥበቃው በተራ ነበር፤ አቅም ያለው አባወራ ሁሉ ይወጣ፣ የቀረም ይቀጣ ነበር። ተጠቃሚዎቹ የተደራጁት በየአጥቢያቸው፣ በየታቦታቸው ስለነበር ውሳኔውን የጣሰ ሰው የሚጣላው ከአለቃው ጋር ብቻ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የሥርዓቱ ሰዓት አጠባበቅ ነው።

ጓሳ ሲዘጋ የሚዘጋው ለአንድ ወቅት ብቻ አልነበረም። ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ በተከታታይ ማጭድም ከብትም አይገባበትም ነበር። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን የሚሆን ቁመትና ጥንካሬ ለማግኘት ጊዜ ይፈልጋል። ቶሎ የታጨደ ሣር ጣራ ላይ አይቆይም፣ ለገመድም አይሆንም፣ እረኛው ከዝናብና ከውርጭ የሚከለልበትን ገሳ ለመሥራትም አይመችም። ስለዚህ «ይከፈት» የሚለው ውሳኔ በቀን መቁጠሪያ ብቻ የሚሰጥ አልነበረም። ሣሩ ደርሷል ወይ ተብሎ ይታያል፤ ወሬው ለአባ ቀራዎቹ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በቀብር ላይ፣ ሰው በሚሰበሰብበት ሁሉ ይነገራል። ቀኑ ብዙውን ጊዜ የሚውለው በጋው ሲያይል ነበር፤ እህሉ ጎተራ ገብቷል፣ የሰውም የከብትም ችግር የሚበረታው ያኔ ነው። በዚያ ቀን አባ ቀራ ሳይፈቅድ ማጭዱን የሚያነሣ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከብቱ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ጓሳ ተመልሶ ይዘጋ ነበር።

ይህ አሠራር ከዘመናዊው የፕላን ግምገማ ጋር ሲተያይ አንድ ትልቅ ልዩነት ይታያል። ዘመናዊው ግምገማ አንድ ጊዜ ይጠይቃል፦ እዚህ ቦታ ላይ ይህ ነገር ይሠራ ወይስ አይሠራ? መልሱ «ይሠራ» ከሆነ ማኅተሙ ይመታል፣ ጉዳዩ ይዘጋል፣ ሠራተኛው ወደ ሌላ ፋይል ይሄዳል። ቀሮ የሚጠይቀው ደጋግሞ ነበር። መሬቱ ዘንድሮ ይችላል? ካልቻለ መልሱ «አይሆንም» ሳይሆን «ገና ነው» ይሆናል። ለጓሳ ዓይነት ቀስ ብሎ የሚያገግም ደጋ «ገና ነው» ማለት ከሁሉ የሚበልጥ ጥበቃ ነው። ውርጭ በሚመታው፣ አፈሩ ውሃ በሚቋጥረው በዚህ ከፍታ ላይ አንድ ጊዜ የተረገጠ ሣር ለሚቀጥለው ዝናብ አይመለስም። ሌላም አለ። ገምጋሚዎቹ በጥናት ሪፖርት ላይ ተቀምጠው የሚፈርዱ ሰዎች አልነበሩም። ራሳቸው ሣሩን የሚያጭዱ፣ ቤታቸውን የሚከድኑበት፣ ስሕተት ቢሠሩ የራሳቸው ጣራ የሚያፈስባቸው ነበሩ።

ስለ ጓሳ በሰፊው የሚነገር አንድ የተሳሳተ ሐሳብም እዚህ ላይ ቢስተካከል ጥሩ ነው። ብዙ ጎብኚ፣ ጥቂት የማይባል ባለሥልጣንም ጭምር፣ ጓሳን «የመንግሥት ፓርክ» ብሎ ይጠራዋል፤ ጥበቃውም ለቀይ ቀበሮ ሲባል የተጀመረ ይመስለዋል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። አባቶች የዘጉት ለሣሩ ነው፤ ቀበሮው የተረፈው ሣሩ ስለተጠበቀ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም፤ ያሉትም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ጓሳ ከመጠጊያዎቻቸው አንዱ ነው። ቀበሮው የሚኖረው በአይጥ ነው፣ አይጡ በሣሩና ጉድጓድ በሚምስበት አፈር ነው፤ አፈሩና ሣሩ ደግሞ በሰው ስምምነት ነው። ይህን ሰንሰለት ሳያውቅ «ሰውን ከጓሳ ማውጣት አለብን» የሚል ሰው ቀበሮውን ያዳነውን እጅ ሊቆርጥ ነው።

በ2005 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንጉየን የጓሳን ጭላዳዎች ማጥናት ጀመሩ። በዚያው ምርምር የተሳተፈው ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. አንድ አስገራሚ ነገር ይፋ አደረጉ። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶው ብቻ። ጭላዳዎቹም ግልገሎቻቸውን እስካልነካባቸው ድረስ ቀበሮው በመሐላቸው ሲመላለስ ዝም ይላሉ። እንግዲህ መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ ፎቶ ለማንሣት ወደ መንጋው የሚነዳ ጎብኚ የሚበትነው ጭላዳውን ብቻ አይደለም፤ የቀበሮውንም ምሳ ነው። ጭላዳን ዳቦ የሚያበላውም እንዲሁ እየጎዳ ነው፤ ጭላዳ የሣር ተመጋቢ ነው፣ ዳቦ የለመደ መንጋ ደግሞ ነገ ገበሬው ማሳ ላይ ይገኛል። ውሻውን ይዞ የሚመጣው ከሁሉ የባሰ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች የቀይ ቀበሮ መንጋዎችን ደጋግሞ ጨርሷል፤ በሽታውን የሚያመጡት ከቀበሮው ጋር የሚገናኙ የቤት ውሾች ናቸው። እነዚህ የደቂቃ ጥንቃቄ የሚጠይቁ ነገሮች ናቸው፤ ማድረግ የሚያቅተው ጎብኚ ጓሳ ባይመጣ ይሻላል።

ቀሮ እንከን አልነበረበትም ማለት አይደለም። መብቱ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ነበር፤ በአጠገቡ እየኖረ ትውልዱ ከእነርሱ የማይቆጠር ሰው ግን በራሱ መብት አይገባበትም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲያፈርስ የቀሮንም መሠረት ነቀለ። ያን ጊዜ የተገለሉት መብት አገኙ፤ ነገር ግን «መቼ» የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ አካል ጠፋ። የመንዙን ሥርዓት በጥልቀት ያጠናው ዘለዓለም ተፈራ ከናይጀል ሊደር ዊልያምስ ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ታሪክ በዝርዝር አስፍሮታል፤ የመንዝን ታሪክ የሚወድ ሰው ሊያነበው ይገባል።

ማኅበረሰቡ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በጓሳ ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች የተውጣጣ የጓሳ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ መብቱም በዘር ሐረግ መሆኑ ቀርቶ በነዋሪነት ሆነ። በ2008 እ.ኤ.አ. የአማራ ክልል ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አወቀው። የፍራንክፈርት ዞሎጂካል ሶሳይቲ ለዓመታት አግዟል፤ የማኅበረሰቡ ሎጅም ተሠራ። ጥቂት ክፍሎችና ድንኳን መትከያ ቦታዎች ያሉት ነው፤ እንግዳው ምግቡን ይዞ ይመጣል፣ የአካባቢው ሰው በአስጎብኚነትና በበቅሎ አከራይነት ይሠራል። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት የጎብኚው እግር ቀዝቅዟል። መንገዱ ሲከፈት ትልልቅ ዕቅዶች ይዘው የሚመጡ ሰዎች እንደሚኖሩ አያጠራጥርም፤ ጥያቄዎቹን ከወዲሁ ማዘጋጀት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የካራቫን ሰፈር ዕቅድ ለጓሳ ቢቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ የፍሳሹ ነው። ጓሳ የውሃ ክፋይ ነው፤ በምዕራብ በኩል የሚወርደው ወደ ጀማ ገብቶ ዓባይን ይቀላቀላል፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከካራቫን ሽንት ቤት የሚወጣው የት ይፈስሳል የሚለው እንግዲህ የአንድ መንደር ጉዳይ አይደለም። ቀጥሎ እሳት አለ። በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ እንግዳ ይበርደዋል፣ ማገዶ ይጠይቃል፣ ማገዶው ከየት ይመጣል? በሜዳው ካለው የአስታ ቁጥቋጦ ከተቆረጠ ለአካባቢው ሰው የተከለከለው ለእንግዳ ተፈቀደ ማለት ነው፤ ይህን መንዝ አይታገሥም፣ መታገሥም የለበትም። የአንድ ከባድ መኪና ጎማ በርጥብ አፈር ላይ ምን እንደሚያደርግ ገበሬን ጠይቆ መረዳት ይቻላል። በማታ የሚበራው ጄኔሬተርና የሚከፈተው ሙዚቃ የት ድረስ እንደሚሰማም ሊታወቅ ይገባል።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ግን ሊጠይቅ የሚችለው ቀሮን የሚያውቅ ሰው ነው፦ ሣሩ በሚዘጋበት ጊዜ የካራቫን ሰፈሩም ይዘጋል? ኮንትራቱ ለ20 ዓመት ቢሆን፣ በአምስተኛው ዓመት ሜዳው ተጎድቶ ቢገኝ፣ «ዘንድሮ ገና ነው» የሚል ሥልጣን በማን እጅ ይቀራል? ይህ አንቀጽ ውሉ ውስጥ ካልተጻፈ ኮሚቴው ባይፈርም ይመረጣል። ተጽፎ፣ የመኪናው ቁጥር ተገድቦ፣ ማቆሚያው ከሜዳው ወጥቶ መንገዱ ዳር ወይም መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ከሆነ ግን ዕቅዱ ሊታይ ይችላል፤ ለከተማውም ገቢ ነው።

ጉባኤው ሲጠራ ወንበር ሊሰጣቸው የሚገቡ ሌሎችም አሉ። ከገደሉ ግርጌ የኤፍራታና ግድም ሰዎች ይኖራሉ። ከጓሳ የሚወርደውን ውሃ ይጠጣሉ፣ ከብቶቻቸውን ያጠጣሉ፣ በመስኖም ያለማሉ። አስቦና ጌራ ሜዳውን ሲካፈሉ እነርሱ በድርሻው ውስጥ አልነበሩም። የ1995ቱ አዋጅ ግን ጉዳቱ ሊደርስበት የሚችል ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተት ሲያዝ ከእነርሱ በላይ የሚመለከተው ሰው ጥቂት ነው። የግምገማው ጥሪ በመሐል ሜዳ ገበያ ብቻ ሳይሆን በእነርሱ ገበያ በአጣዬም መነገር አለበት።