የአህያ ወተት ጀርም ይገድላልን?

በአገራችን በአንዳንድ ስፍራ ሕፃን ትክትክ ሲይዘው የአህያ ወተት ይፈለግለታል። ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰዎች ይህን ስንሰማ ብዙውን ጊዜ ሥቀን እናልፋለን። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የአውሮፓ ተመራማሪዎች የአህያ ወተት ባክቴሪያ የመግደል ኃይል እንዳለው ስለ ገለጹ፣ ትናንት የሣቀው ዛሬ «ለካ አያቶቻችን ዐውቀው ኖሯል» ለማለት ይቸኩላል። ሁለቱም ሳይመረምሩ መፍረድ ነውና ነገሩን ለይተን እንመልከተው።

የወተቱ ኃይል በይበልጥ የሚመጣው ሊሶዛይም ከሚባለው ኤንዛይም ነው። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1922 ለዓለም ያስታወቀው፣ በኋላ ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ነው። ሊሶዛይም በእንባችን፣ በምራቃችንና በዕንቍላል ነጭ ውስጥ አለ። በላም ወተት ውስጥ ያለው ከምንም የማይቈጠር ሲሆን፣ በአንድ ሊትር የአህያ ወተት ውስጥ ግን 1 ግራም ያህል ይገኛል። ሥራውም የባክቴሪያውን ግድግዳ ማፍረስ ነው። ግድግዳው በተራ በተራ ከተያያዙ ሁለት ዐይነት የስኳር ሞለኪውሎች የተሠራ ነው። ሊሶዛይም ማያያዣውን ሲቈርጠው ውሃ ወደ ውስጥ ይገባና ባክቴሪያው ይፈነዳል።

ነገር ግን የባክቴሪያ ሁሉ አጥር አንድ አይደለም። ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክሪስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 ባወጣው የማቅለሚያ ዘዴ ባክቴሪያዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ግራም ፖዚቲቭ የሚባሉት ግድግዳቸው የተጋለጠ በመሆኑ ብዙዎቹ በሊሶዛይም ይጠቃሉ። ግራም ኔጋቲቭ የሚባሉት ግን ከግድግዳቸው በላይ ሌላ የስብ ሽፋን ስለ ደረቡ ሊሶዛይም ብቻውን ሊደፍራቸው ይቸግረዋል።

እንግዲህ ወደ ትክትክ እንመለስ። ቦርዴና ዣንጉ እ.ኤ.አ. በ1906 ለይተው ያስታወቁት የትክትክ ባክቴሪያ ከዚሁ ከግራም ኔጋቲቭ ወገን ነው። መኖሪያውም የአየር ቧንቧ ነው፤ የተጠጣ ወተት ግን የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው። «እገሌ ጠጥቶ ዳነ» የሚባለውም ምክንያት አለው፤ ሳሉ ለሳምንታት ቈይቶ በብዙዎቹ ላይ በራሱ ጊዜ ስለሚበርድ፣ ምስጋናውን የሚወስደው በመጨረሻ የተሰጠው ነገር ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንደሚባለው ሁሉ፣ የአህያም ወተት ከትክትክ አያስጥልም።

ሁለተኛው ስሕተት «ጀርም የሚገድል ወተት ራሱ ንጹሕ ነው» ማለት ነው። በንጽሕና የታለበ የአህያ ወተት የባክቴሪያው ቍጥር ከሌላው ዝቅ ማለቱ እውነት ነው። ሆኖም ከአላቢው እጅ፣ ከዕቃውና ከፍግ የሚገባው ኢ. ኮላይ ግራም ኔጋቲቭ ነው፤ የአንዳንድ ባክቴሪያዎች ዘርም በጠንካራ ቅርፊት ተጠቅልሎ ይቈያል። ወተቱ ራሱን የሚያጠራ ቢሆን ኖሮ፣ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከላም ሌላ የሆነ እንስሳ ጥሬ ወተት በ1 ሚሊ ሊትር ከ1,500,000 ባክቴሪያ እንዳይበልጥ፣ ሳይሞቅ ለሚሠራ የወተት ውጤት ሲሆን ደግሞ ከ500,000 እንዳይበልጥ ባልወሰነ ነበር። ወተቱን በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ማሞቅ ጎጂዎቹን ጀርሞች ሲገድል፣ ሊሶዛይም ሙቀትን ስለሚችል አብዛኛው ይተርፋል። ስለዚህ ጥሬውን ለመጠጣት ምክንያት የለም።

ይህ ሁሉ ወተቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ኬሲን የተባለው ፕሮቲን ስለሚያንሰው፣ በኢጣሊያ የላም ወተት ለማይስማማቸው ሕፃናት ሐኪሞች ያዙታል፤ ስቡ ጥቂት በመሆኑም ዘይት ይጨመርበታል። ይህ ግን ምግብነት እንጂ የትክትክ ፈውስ አይደለም።

ለዕረፍት ወደየቀያችን ስንሄድ እናት ስለ አህያ ወተት ብትጠይቀን፣ መሣቅም ማጽደቅም አይገባንም። የትክትክ መከላከያ ክትባት ሕፃኑ በተወለደ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት በጤና ጣቢያ ይሰጣል፤ ሳሉ የጀመረውም ሕፃን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መድረስ አለበት። አህያ ሲፈለግ የሚያልፈው ቀን ለጨቅላ ሕፃን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።